አንድ ጊዜ ብቻ የቀረበልኝ ውሃ

ወሩ ሐምሌ ነበር። እዚህ ኮልፌ ሐምሌ ማለት ጭቃው ጫማ የሚቀማበት፣ ቆርቆሮው ሌት ተቀን የሚደበደብበት ወር ነው። እዚያ ደቡብ ታንዛኒያ ግን ሐምሌ በጋ ነው። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ ቀርቶታል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሹራብ ያስለብሳል፤ ከረፋዱ ጀምሮ ደግሞ ፀሐይዋ ሹራቡን አስወልቃ ቆዳውንም ልጨምር ትላለች። የአደን ወቅት የሚከፈተው ያኔ ነው። ሣሩ ሲሳሳ አውሬው ይታያል፣ አፈሩም ዱካ ይይዛል።

እናንተ ልጆች ከገባችሁ ጀምሮ ዐይናችሁ ግድግዳው ላይ ካለው ባዶ ሚስማር አልተነቀለም። «ጋሼ፣ እዚህ ተሰቅሎ የነበረው የውሃ ኮዳ የት ሄደ?» አላችሁኝ። ኮዳው ኦማን ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለመናገር መጀመሪያ እኔ ጋ እንዴት እንደደረሰ መናገር አለብኝ፤ እሱ ደግሞ ከአንድ የቆሰለ ጎሽ ጋር የተያያዘ ታሪክ ነው። ከመካከላችሁ ሁለታችሁ ፓስፖርት አውጥታችኋል ሲባል ሰምቻለሁ። እናንተ በተለይ ጠጋ በሉ።

አባቴ ከከፋ ማር እያስመጣ ኮልፌ ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ እንደነበር ታውቃላችሁ። በልጅነቴ ትምህርት ሲዘጋ ወደ አጎቴ ይልከኝ ነበር። አጎቴ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ስለሆነ ውሎው ጫካ ለጫካ ነው፤ ዱካ ማንበብ የተማርኩት ከሱ ነው። በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ኦሞ በረሃ የውጭ አዳኞችን የሚያስተናግድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ሾፌር ሆኜ ገብቼ ዱካ አንባቢ ሆኜ ቀረሁ። ታዲያ አንድ ዓመት ፒተር የሚባል፣ እዚያው ታንዛኒያ ተወልዶ ያደገ ነጭ የአደን መሪ ለጉብኝት መጣ። ሦስት ቀን ስሠራ አየኝና «አንድ ወቅት መጥተህ ከእኔ ጋር ትሠራለህ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ችግር አላሰደደኝም። ሥራዬ ደህና ነበር። እግሬን በላኝ፣ በቃ። ከአገሬ ወዲያ ያለው ዱር ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። እናቴ አለቀሰች፣ እህቴ በሶ ቋጠረችልኝ፤ እኔ ግን አውሮፕላኑ ሲነሣ በመስኮቱ እያየሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

የደረስኩ ሰሞን ሁሉ ነገር አገሬ አገሬ አለኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት እያሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰዓታችን አንድ ከሆነ ሌላውም ጠባያችን አንድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስሕተቴ የጀመረው እዚያ ጋ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ዱካ አንባቢ ራማዳኒ ይባላል። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ቃል ከአፉ ተመዝኖ የሚወጣ ሰው። አንገቱ ላይ ትንሽ የአመድ ከረጢት ያንጠለጥላል፤ እሷን ነቅነቅ አድርጎ ብናኟ ወዴት እንደምትሄድ ሲያይ ነፋሱን ያውቃል። የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛና እኔ በለቃቀምኳት ስዋሂሊ ነው። የዚያን ሳምንት እንግዳችን ደግሞ ከስፔን የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነበር። ፈቃዱ ለአንድ ሽማግሌ ኮርማ ጎሽ ነው። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፤ በተዋወቅን በመጀመሪያው ቀን አፌን አስከፍቶ አይቶ «ይቺን ጥርስ አስነቅላት» ብሎኛል። ሳላስነቅላት ይኸው እስከ ዛሬ አለች።

ማታውን የመኪናው ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ሲጮህ ሰምቼ ስለነበር የዚያን ዕለት ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ። እሱን ሳጠብቅ ኮዳዬን ድንኳን ውስጥ ረሳሁት። ያወቅኩት አንድ ሰዓት ያህል ነድተን፣ ትኩስ የጎሽ ዱካ አግኝተን ከመኪናው ስንወርድ ነው። ወገቤን ብዳብስ የለም። ከሰው አገር ዱካ አንባቢ ተብሎ መጥቶ ኮዳውን ረሳ ሊባልብኝ! ዝም አልኩ።

ራማዳኒ ለካ አይቶኛል። ከመኪናው ኋላ ትርፍ ኮዳ አንሥቶ ዘረጋልኝና «ማጂ?» አለኝ፤ ውሃ ማለቱ ነው። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «አይ፣ ይብቃኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩት።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ማን ነው? ሆድህ እየጮኸ «አሁን በልቼ መጣሁ» ትላለህ። ባለቤቲቱ «አፈር ስሆን» ትላለች። አንተ «ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ» ትላለህ። «በሞቴ» ስትልህ ነው ተነሥተህ እጅህን የምትታጠበው። እኔም ለሁለተኛው ጥያቄ እጄን አዘጋጅቼ ቆምኩ። ራማዳኒ ራሱን ነቀነቀ፣ ኮዳውን መኪናው ላይ መልሶ ሰቀለ፣ ዱካው ላይ ገባ። ሁለተኛ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ሾፌሩ ከመኪናው ጋር ቀረ፤ እኛ አራታችን በእግር ቀጠልን። ያቺን የተዘጋጀች እጄን ኪሴ ከተትኳት።

ዱካው የሦስት ኮርማዎች ነው። የትልቁ ኮቴ የሾርባ ሳህን ያህላል፤ ጠርዙ ግን እንዳለቀ ጎማ ተበልቷል፣ ሽማግሌነቱን የሚያሳብቅበት እሱ ነው። ጤዛውን ረግጠው ስላለፉ ሣሩ ላይ ጥቁር መስመር ትተዋል። እበታቸውን በእንጨት ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ገና ለብ ያለ ነበር። እኔና ራማዳኒ እየተፈራረቅን እንመራለን፤ አንዳችን መሬቱን ሲያነብ ሌላችን ፊት ለፊት ጥሻውን ያያል። ከኋላችን ፒተር ትልቁን ጠመንጃ ይዞ ይከተላል፣ ከሱ ኋላ ዶክተሩ። የዱካ አንባቢ እጅ ባዶ ነው። ያለው ዐይኑና ቃሉ ብቻ ነው። አንድ ሕግ ደግሞ አለን፤ ምልክት የጠፋበት ሰው እዚያው ይቆማል፣ እጁን ያነሣል። ይቺን ሕግ ያዙልኝ።

አራት ሰዓት ሲሆን ጥላ ሥር አረፍን። ፒተር ጠጣ፣ ዶክተሩ ጠጣ። ራማዳኒ ተነሥቶ ከዛፍ ኋላ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠጣ። «ስስታም!» አልኩ በልቤ። «ዐይኔን ፈርቶ ተደብቆ ይጠጣል!» ፒተር «ደህና ነህ?» አለኝ። «በጣም ደህና ነኝ» አልኩት። አፌ ውስጥ ግን ምራቅ አልቆ ነበር። ጠጠር አንሥቼ እንደ ከረሜላ መጠጥኩ፤ አጎቴ ያስተማረኝ ዘዴ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ጠጠር ያው ጠጠር ነው።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አገኘናቸው። መጀመሪያ ያየነው ጀርባቸው ላይ የሚያርፉትን ወፎች ነው፤ ቀጥሎ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር የተጋደሙ ሦስት ጥቁር ድንጋዮች የመሰሉትን። ራማዳኒ አመዱን ነቀነቀ፤ ነፋሱ ወደ እኛ ነው። ፒተር የጠመንጃ ማሳረፊያውን ባለ ሦስት እግር እንጨት ተከለ። ሽማግሌው ኮርማ ተነሣ፣ ዶክተሩም ተኮሰ።

ጎሹ ጀርባውን ጎበጥ አደረገ፤ ከዚያ ሦስቱም ጥሻውን ሰንጥቀው ገቡ። የቆመበት ቦታ ሄደን ስናይ ደሙ ጠቆር ያለ፣ የተፈጨ ሣር የተቀላቀለበት ነው። «ሆዱን ነው የመታው» አለ ፒተር። የዶክተሩ ፊት ነጣ። ሆዱን የተመታ ጎሽ ቶሎ አይሞትም፣ የመታውንም አይረሳም። ትቶ መሄድ ደግሞ አይቻልም፤ በዚያ ጥሻ ውስጥ የአካባቢው ሰዎች ማር ለመቁረጥ የሚያልፉበት መንገድ አለ። እንደ አጎቴ ያለ ሰው ነገ ጠዋት ቀፎውን ሊያይ ሲመጣ የሚያገኘው እሱን ነው። እንደ ደንቡ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እነሱ ጠጡ። ራማዳኒ አሁንም ዞሮ ጠጣ።

ከዚያ የመምራቱ ተራ የእኔ ሆነ።

ጥሻው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ዐይን አያሳልፍም። ደሙን በወገብ ቁመት ቅጠሉ ላይ፣ አንዳንዴም የሳንቲም ያህል ጠብታ መሬት ላይ እያየሁ ገባሁ። ሙቀቱ የታፈነ ነው። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል፣ ዐይኔ ፊት ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ይርመሰመሳሉ። በዚህ መሃል ደሙ ጠፋ። ኮቴው ይቀጥላል፣ ደም ግን የለም። አምስት እርምጃ፣ አሥር እርምጃ፣ ሃያ። ምን ማለት እንደሆነ አውቄዋለሁ። የቆሰለው ከሁለቱ ተለይቶ ወጥቷል፤ የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ዞሮ መጥቶ የገዛ ዱካው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። መቆም ነበረብኝ። እጄን ማንሣት ነበረብኝ። ነገር ግን «ጠፋብኝ» የምትለዋ ቃል ልክ እንደ ኮዳው ሆነችብኝ። እነዚህ ሰዎች ምን ይሉኛል? አሁን አገኘዋለሁ፣ አሁን አገኘዋለሁ እያልኩ ቀጠልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ አይነቅዝም፤ ሰው ግን ይገድላል።

ሳላውቀው ተንገዳግጄ ነው መሰለኝ ራማዳኒ ትከሻዬን ያዘኝ። ፊቴን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። ደም አለመኖሩን ለማወቅ አንድ ቅጽበት በቃው። አመዱን ነቀነቀ፤ ብናኟ ከእኛ ተነሥታ ወደ ግራ ሄደች። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከግራ በኩል ቅርንጫፍ ተሰበረ።

ጎሽ ሲመጣ አቀርቅሮ የሚመጣ ይመስላችኋል። አይደለም። አፍንጫውን ቀስሮ፣ ዐይኑን እናንተ ላይ ተክሎ ነው የሚመጣው፤ የሚያቀረቅረው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ያን አፍንጫ አሁንም አየዋለሁ፤ እርጥብ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ምን ያስባል? እኔ ያሰብኩት «ይሄስ ጠጥቷል» ብዬ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔ ግን ያኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ደርቄ ቆሜያለሁ። ራማዳኒ በሁለት እጁ ገፈተረኝ። በጀርባዬ እሾህ ውስጥ ወደቅኩ። ጎሹ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ እሱን አገኘው። ቀንዱ ጭኑን ሲወጋው፣ ሰውየው እንደ ባዶ ጆንያ ወደ ላይ ሲነሣ አየሁ። ፒተር ከአራት እርምጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። በሁለተኛው ጎሹ በጉልበቱ ወረደ፣ ተጋደመ፣ ያን ረጅም የሞት ጩኸቱን ጮኸ፤ ከዚያ ጥሻው ጸጥ አለ።

ከራማዳኒ ጭን ደሙ ይፈሳል። እኔ ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «እኔ ነኝ የገደልኩት» እያልኩ በአማርኛ አለቅሳለሁ። ዶክተሩ ቀበቶውን ፈትቶ ጭኑን ከላይ አሰረው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑን ከፈተ። «ከአፍ ውጭ ሰፍቼ አላውቅም» አለ፤ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። ቅድም ጎሹ ላይ ሲያነጣጥር እንዲያ ረግቶ ቢሆን ኖሮ ስል አስቤያለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ራማዳኒ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ወገቡን እየደባበሰ ኮዳውን ፈታና ወደ እኔ ዘረጋው። «ጾምህን ፍታ» አለኝ። «አምላክ የዛሬን ይቅር ይልሃል።»

«የምን ጾም?»

«የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ጾም ያበዛሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ጠዋት ውሃውን እምቢ ስትል ጾመኛ መሰልከኝ። እንዳላስጎመጅህ ብዬ ነው ዞሬ የምጠጣው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ለእኔ አዝኖ የተደበቀውን ሰው ነው ስስታም ያልኩት። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ደግሞ ሰንብቷል! «ጾም አይደለም» አልኩት። «ደግመህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነው።» አልገባውም። እኛ አገር መጀመሪያ እምቢ እንደሚባል፣ ከዚያ እንደሚለመን፣ ከዚያ እሺ እንደሚባል አስረዳሁት። ትንሽ አሰበበትና ሳቀ፤ ዶክተሩ «አትንቀሳቀስ!» ብሎ ተቆጣው። ሳቁ ሲበርድ እንዲህ አለኝ፤ «ደምሴ፣ ጫካ ውስጥ ሰው አንድ ጊዜ ያለውን እናምናለን። ደግሜ ብጠይቅህ ዋሽተሃል ማለቴ ነው። ዱካው አለ ብለህ ስትሄድም አምነን ነው የተከተልንህ።»

«ደሙ ጠፍቶብኝ ነበር» አልኩ። በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ የከበደችኝ እውነት እሷ ነበረች።

«አይቻለሁ። አሁን ጠጣ። የምጠይቅህ አንድ ጊዜ ነው።»

«እሺ» አልኩ። ግማሹን እኔ ጠጣሁ፣ ግማሹን እሱን አጠጣሁት። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ጠጥቻለሁ፤ እንደዚያ ውሃ የጣፈጠኝ የለም።

ሁለት እንጨት ቆርጠን፣ ሸሚዞቻችንን አስረን ተሸከምነው። የፊቱን ጫፍ እስከ መኪናው ድረስ ለማንም አልሰጠሁም። እስከ ሐኪም ቤት አምስት ሰዓት ሙሉ ተነዳ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ራሱን እንደያዝኩ ነው የደረስነው። ሐኪሙ የዶክተሩን ስፌት አይቶ «ማነው የሰፋው? ጎበዝ ነው» ሲል ሽማግሌው ስፔናዊ እንደ ልጅ አለቀሰ። ለፒተር ሁሉን ነገርኩት፤ ኮዳውንም፣ ደሙንም። ያባርረኛል ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። «ሁለተኛ ዱካ ጠፍቶብህ ዝም ብትል አሰናብትሃለሁ» አለኝ። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው ጋ እንገናኝ።»

ራማዳኒ ሦስት ወር አነከሰ፤ በሚቀጥለው ወቅት ከፊቴ ይሄድ ነበር። አንድ ወቅት ብዬ የሄድኩት ሰውዬ ሦስት ወቅት ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት «ማጂ?» ሲለኝ ጥያቄውን ሳይጨርስ «አዎ!» እላለሁ፣ የእኔ ኮዳ ሞልቶ እንኳ። ወደ አገሬ ስመለስ ያን ጨርቅ የለበሰ ኮዳውን ሰጠኝ፤ ጨርቁ ላይ የደሙ ምልክት አለ፣ ምንም ሳሙና አላስለቀቀውም። «ኧረ አይገባም» አላልኩም። ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ሜሮን፣ እዚህ ቤቴል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ የነበረችው፣ ኦማን ሥራ አግኝታ በዋዜማው ልትሰናበተኝ መጣች። ከሥራ ቀጥታ ነው የመጣችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እናቷ ዳቦ ቆርሳ ስታቀርብላት «በልቻለሁ» አለች። ለእናንተ የነገርኩትን ይህንኑ ነገርኳት። ስጨርስ ኮዳውን ከሚስማሩ አወረድኩና «ሜሪ፣ ውሰጂው» አልኳት።

«ውይ ጋሼ፣ አይሆንም! የእርስዎ መታሰቢያ አይደል እንዴ፣ ይቀመጥ።»

መልሼ ሰቀልኩት። እናቷ «ኧረ ልጄ…» ልትል ስትጀምር በዐይኔ ዝም አሰኘኋት። ለእኔም ቀላል አልነበረም፤ «በሞቴ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ይቺ ልጅ ነገ የምትሄደው ማንም በሞቴ ወደማይላት አገር ነው። ሜሮን ኮዳውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ተነሥታ በሁለት እጇ ከሚስማሩ አወረደችው።

«እፈልገዋለሁ ጋሼ» አለች። ወደ እናቷ ዞራ ደግሞ «እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ርቦኛል» አለች። እናቷ እያለቀሰች ቆረሰችላት፤ አራት ቁራሽ በላች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሄደች በሦስተኛው ወር ደወለች። የነርሶቹ ኃላፊ ቀዶ ጥገና ክፍል ለመሠልጠን የሚፈልግ አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ ሌሎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እሷ እጇን አነሣች። «አንዴ ብቻ ነው የጠየቀችን ጋሼ» አለችኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ ተረቱን እያወቅን ለምን አፋችን እንደሚያያዝ እንጃ። ሚስማሩን ግን አልነቅለውም፤ ባዶውን ሳየው ደስ ይለኛል።

በሉ ብዙ አስለፈለፋችሁኝ፣ እህቴም ዳቦውን ይዛ መጣች። ከአየር ጤና እስከዚህ ታክሲ ተጋፍታችሁ ነው የመጣችሁት። ትበላላችሁ? የምጠይቀው አንድ ጊዜ ነው።